ቀይ መብራት ያዩት ገበሬ አልከፍልም አሉ

ክሩ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለው የጥያቄና መልስ ሰንሰለት፣ የተከፈተው ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። የወገራ ስንዴ ደርሶ፣ ኮምባይነር ያለው ሰው እንቅልፍ የሚያጣበት ሰሞን። ጠያቂው የአዘዞ ሰው ነው። ያገለገለ ኮምባይነር ገዝቶ በአምባ ጊዮርጊስ ዙሪያ እየተዘዋወረ በኩንታል ሒሳብ ያጭዳል። የጻፈው ረጅም ነው፤ ግማሹም ብሶት ነው። ፍሬ ነገሩን ላውጣው።

ጋቢናው ውስጥ የእህል ብክነት የሚያሳይ ትንሽ ሞኒተር አለ። ሁለት ረድፍ መብራት አለው። አንዱ ገለባ አራጋፊው መጨረሻ ላይ ከተገጠመው ሴንሰር ነው የሚቀበለው፤ ሌላው ከወንፊቱ ኋላ ካለው። የገለባው ረድፍ ከጠዋት እስከ ማታ ቀይ ነው። የወንፊቱ ደግሞ አንድም ጊዜ በርቶ አያውቅም። ቀድሞ ማንም ቁብ አይሰጠውም ነበር። ዘንድሮ ግን አንድ አዛውንት ልጃቸውን ጋቢና ውስጥ አስቀመጡት። ልጁ ቀዩን አየ፣ ወረደ፣ ለአባቱ ነገረ። አባትየውም እህሌን ሜዳ ላይ እየበተንክ ሙሉ ሒሳብ አልከፍልም አሉ። የጠያቂው ጥያቄ ሁለት ነው። ይህ ሴንሰር እንዴት ይስተካከላል? ካልተስተካከለስ ሽቦውን ነቅዬ ብገላገል ምን አለበት?

ምላሾቹን እንደ ቁጥራቸው እተርካለሁ። ሰላምታውን ቀንሻለሁ። ስድቡን ግን ሙሉ በሙሉ አላወጣሁትም፤ ጨው ነው።

1 ላይ የመጣው ጨዋ ሰው ነው። ምክር አልሰጠም፣ ጥያቄ ጠየቀ። ቀዩ የሚበራው መቼ ነው? ቁልፍ ብቻ ሲከፈት? ሞተር ሲነሳ? ውቂያው ባዶውን ሲሽከረከር? ወይስ እህል ሲገባ? ከክሩ ሁሉ የላቀው ይህ ጥያቄ ይመስለኛል። ሆኖም ማንም ዞር ብሎ ያየው የለም፤ ምክንያቱም 2 መጣ።

2 ከአርሲ የሚወጣ የቆየ ኦፕሬተር ነው። ንቀለው አለ፤ በቃ። ደህና ኦፕሬተር የማሽኑን ድምፅ ይሰማል፣ ወርዶ ገለባውን በእጁ ይዘግናል፣ ከዚያ በኋላ መብራት አያስፈልገውም ባይ ነው። 3ም ተስማማ። እንዲያውም አለቃው ሞኒተሩ ላይ ካርቶን ለጥፎበት እንደነበር ጨመረ። 4 ከርዕሱ ወጣ። ኦፕሬተሩ ሁሉ ከአርሲና ከባሌ የሚመጣው ለምንድን ነው፣ የጎንደር ልጅ መንዳት አይችልም እንዴ ብሎ ጠየቀ። 5 መለሰለት። ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 አርሲ ውስጥ ጭላሎ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በኋላም በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች ሲስፋፉ፣ እዚያ ኮምባይነር ልጅ ሆኖ ያላየ የለም። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሄደ። እኛ ጋ ገና አሁን ነው የመጣው አለ። መልሱ መልካም ነው፤ ለሴንሰሩ ግን አይጠቅምም።

6 ክሩን ወደ መንገዱ መለሰው። ጎንደር ከተማ ውስጥ የሚሠራ የመኪና ኤሌትሪሺያን ነው። አጻጻፉ ደረቅ ነው፣ ሰላም እንኳ አይልም። ግን የሚያወራውን ያውቃል። ወደ 1 ተመልሶ፣ የዚያን ሰው ጥያቄ ሳትመልሱ ለምን ትጯጯሃላችሁ ብሎ ተቆጣ። ከዚያ አንድ በአንድ ፈታው።

ቁልፍ ብቻ ተከፍቶ፣ ሞተር ሳይነሳ ቀይ ከሆነ፣ ችግሩ ሞኒተሩ ወይም የተነካካ ሽቦ ነው። ሞተር ሲነሳ፣ ውቂያው ሳይገጠም ቀይ ከሆነ፣ የኤሌትሪክ ረብሻ ነው። የሴንሰሩ ምልክት በጣም ትንሽ ስለሆነ ሽቦው በዙሪያው የተጠለፈ መከላከያ አለው። አንዱ ቆርጦ በተራ ሽቦ ከቀጠለው ዲናሞው የሚረብሸውን ሁሉ እንደ እህል ይቆጥረዋል። ከሻሲው ጋር የሚያያዘው ኔጋቲቭ ከዛገም እንዲሁ ነው። ውቂያው ባዶውን ሲዞር ቀይ ከሆነ፣ ንዝረት ነው፤ ሴንሰሩ ማሽኑን እንጂ እህሉን እየሰማ አይደለም። እህል ሲገባ ብቻ ቀይ ከሆነ ግን፣ ወይ በእርግጥ እህል እየፈሰሰ ነው፣ ወይ የስሜት ማስተካከያው ለደቃቅ ዘር ተደርጎ ቀርቷል።

ሞቶ ለቀረው የወንፊት ሴንሰር ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ክፈት። አንድ ሰው ጋቢና ይቀመጥ። አንተ ከኋላ ግባና የሴንሰሩን ሰሌዳ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርገህ ኳ ኳ አድርገው። መብራቱ ዘለል ካለ ሴንሰሩ ደህና ነው። ምንም ካላለ ሶኬቶቹን አለዋውጥ፤ የገለባውን ሴንሰር በወንፊቱ ሽቦ ላይ ሰካው። አሁንም የወንፊቱ ረድፍ ከሞተ በሽተኛው ሽቦው ነው። ወደ ገለባው ረድፍ የተሰካው የወንፊት ሴንሰር ከሞተ ግን በሽተኛው ራሱ ሴንሰሩ ነው። አዲስ ሴንሰር ከመግዛትህ በፊት ይህን አድርግ፤ ገንዘብ ሜዳ ላይ አይለቀምም ብሎ ቋጨው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እኛ አገር መለዋወጫ ወርቅ ነው። ሶኬት ማለዋወጥ ደግሞ ነፃ ነው። ሆኖም ብዙ ሰው ከነፃው በፊት ወርቁን ይሞክራል።

7 ጠያቂው ራሱ ነው። ማሽኑ ጋ ሄዶ ሞክሮ መጣ። ቁልፍ ሲከፈት ጨለማ። ሞተር ሲነሳ ጨለማ። ውቂያው ባዶውን ሲገጠም የገለባው ረድፍ ሙሉ ቀይ። ስንዴ የለ፣ ገለባ የለ፣ ማሽኑ ግን እየፈሰሰ ነው ይላል። የወንፊቱም ሶኬት ሲለዋወጥ ሴንሰሩ ተናገረ፤ ሽቦው ነው የሞተው። 6ን ጋሼ እያለ አመሰገነ። 6 እኔ ገና ወጣት ነኝ ብሎ በሳቅ ምልክት መለሰ፤ ይኼ በቁጥር 8 ተመዝግቧል። ከዚያው ጋር ሴንሰሩ የቆመበትን ላስቲክ በጥፍርህ ጫን በለው አለ። ደህና ላስቲክ ይሰረጉዳል። የደረቀው እንደ ድንጋይ ነው፤ የማሽኑን ንዝረት ሁሉ ወደ ሰሌዳው ያሳልፋል። ከጎኑ ያለው ብሎን ላልቶ ሰሌዳው ብረት እየነካ እንደሆነም እይ። ላስቲኩ ደህና ከሆነ የአራጋፊውን ኩሽኔታ ጠርጥር፤ ያለቀ ኩሽኔታ ሲንኳኳ ሴንሰሩ እህል ይመስለዋል።

9 ላይ የክሩ አየር ተቀየረ። የዳባት ገበሬ ነው። ስለ ላስቲክም ስለ ኩሽኔታም ግድ የለውም። እናንተ መብራቱን ለማጥፋት ነው የምትጨነቁት፣ እህሉ መፍሰሱን ማን ጠየቀ አለ። ሁለት ማስረጃ አቀረበ፤ ሁለቱም ደርዝ አላቸው።

አንደኛው ቃራሚዎቹ ናቸው። ኮምባይነር ሁለት ሆኖ ሲገባ ሴቶቹና ልጆቹ ዝም ብለው አይከተሉም። ትንሽ ቆመው ያያሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ አንዱ ማሽን ኋላ ይጎርፋሉ። የሚያፈሰው እሱ ነው። ሁለተኛው፣ ካጨዳ በኋላ ያልታሰበ ዝናብ ሲመጣ የሚታየው ነው። ገለባው የወደቀበት መስመር ብቻ ለይቶ ይበቅላል። ማሳው ላይ አረንጓዴ ጥብጣብ ይዘረጋል፤ ከጥብጣብ እስከ ጥብጣብ ያለው ርቀት ልክ የማሽኑ ማጨጃ ስፋት ነው። ያ ጥብጣብ የኔ ዘር ነው፣ መብራት አያስፈልገኝም አለ። ሲጨርስም የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብሎ፣ እናንተ ግን አፍሳችሁ እኛን ታስለቅማላችሁ ሲል ጨመረበት።

በበኩሌ ከዚህ ምላሽ የተሻለ የብክነት መለኪያ አላየሁም። ቃራሚ አይዋሽም፤ ድካሙን ያለ ምክንያት አያፈስም።

10 ኦፕሬተር ነው፤ ተናደደ። ማሳህን አረም ሞልቶት፣ ስንዴህ ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ፣ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ግባ እያልክ እያስቸገርክ በኋላ ማሽኑን ትወቅሳለህ አለ። እርጥብ ገለባ እህሉን ይዞ ነው የሚወጣው። እርጥብ አረም ወንፊቱን ይደፍነዋል። ያ ሁሉ ተዳፋትም አለ። በተጨማሪም የሚከፈለኝ በኩንታል ነው፣ ሜዳ ላይ የቀረው ኩንታል እኔም አልተከፈለኝም ሲል ተከራከረ። ሙግቱ ጥሩ ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። 11 ወዲያው ያዘው። አንተ ቀስ ብለህ ከምታጭድ ሮጠህ ሌላ ማሳ ብትገባ ይሻልሃል፣ የፈሰሰውን በፍጥነትህ ትተካዋለህ፣ ገበሬው ግን ያለው አንድ ማሳ ነው አለው። 10 ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነፈሰም። ወንፊቱን ስለሚያናፍሰው ፋን ግን አንድ ቁም ነገር ጥሎ ሄደ። ብዙ ሰው እህል ከወንፊት ሲፈስ ፋኑን ብቻ ይቀንሳል። ፋን ሲበዛ እህሉን ጠርጎ ያወጣል፤ እውነት ነው። ሲያንስም ግን ገለባውና እብቁ ወንፊቱ ላይ ይነጠፋል፣ እህሉም ቀዳዳ አጥቶ በላዩ ተንሸራቶ ይወጣል። ሴንሰሩ ሁለቱንም ያሳያል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይነግርህም።

12 የፊዚክስ መምህር ነው። ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ጻፈ፤ አሳጥረዋለሁ። ሰሌዳው ጀርባ ላይ እንደ አዝራር ያለች ትንሽ ነገር ተለጥፋለች። ፒየዞ ትባላለች። ስትመታ ወይም ስትጨመቅ ኤሌትሪክ ታመነጫለች። ይህን ጠባይ ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 ያገኙት ነው። የጋዝ ምድጃ ማቀጣጠያዋ ቀጭ ስትል የምትፈነጥቀው ብልጭታ ከዚሁ ነው። እህል ጠንካራ ነው፤ ሰሌዳውን ሲመታ አጭርና ስለታም ምት ይሰጣል። ገለባ ለስላሳ ነው፤ የደነዘዘ ምት ይሰጣል። ሞኒተሩ ስለታሙን ይቆጥራል፣ ደንዛዛውን ይተዋል። ስለዚህ መብራቱ ኩንታል አይለካም፤ ምት ነው የሚቆጥረው። ያውም ሰሌዳው ላይ የወደቀውን ብቻ። ገለባው ወፍሮ ሲመጣ እህሉ በገለባ ተሸፍኖ ሰሌዳውን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ያኔ ብክነቱ ከፍ ብሎ መብራቱ ዝቅ ይላል።

13 ይህችን አዝራር አውቃታለሁ አለ። ማሲንቆው ቆዳ ላይ ለጥፎ ከድምፅ ማጉያ ጋር ያገናኛታል። 14 የት ነው የምትጫወተው ብሎ ጠየቀ። 15 ጎንደር ውስጥ ደህና አዝማሪ የቀረው የት እንደሆነ ክርክር ከፈተ። ሌሎች ሁለትም ገቡበት። ያ ክርክር ለብቻው ክር ይወጣዋል። 18 ላይ አንዱ ስንዴው ሜዳ ላይ እየረገፈ ስለ ማሲንቆ ታወራላችሁ ብሎ ሰበሰባቸው።

19 መለኪያ ይዞ መጣ። ሽቦ አጥፎ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክፈፍ ይሠራል። ማሽኑ ካለፈ በኋላ ክፈፉን ገለባው የወደቀበት መስመር ላይ ያስቀምጣል፣ ገለባውን ያነሳል፣ ፍሬውን ይቆጥራል። የስንዴ 1000 ፍሬ ከ35 እስከ 40 ግራም ይመዝናል። በሔክታር 1 ኩንታል ማለት በካሬ ሜትር 10 ግራም ነው፤ ከ250 እስከ 285 ፍሬ መሆኑ ነው። እሱ በክፈፉ 200 ፍሬ ቆጠረ። በአራት አባዛው፣ 800 ሆነ። በሔክታር 3 ኩንታል ያህል ጠፍቷል ብሎ ደመደመ። የዳባቱ ገበሬ ይህን ሲያይ ምን እንዳለ አልጽፍም።

20 አረመው። ትሕትና የተሞላበት እርማት ነበር። ወንድሜ፣ ቆጠራህ ልክ ነው፣ ሒሳቡ ላይ አንድ ነገር ረስተሃል አለው። ማሽኑ የሚያጭደው 4.5 ሜትር ስፋት ነው እንበል። ገለባውን የሚጥለው ግን 1.5 ሜትር መስመር ላይ ነው። የሦስት ሜትር ብክነት አንድ ሜትር ላይ ተከማችቷል። ስለዚህ ለሦስት ይካፈላል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ቅናሽ አለ። ማሽኑን አቁም፣ ርዝመቱን ያህል ወደ ኋላ መልሰው። ማጨጃው አልፎበት ገለባ ያልወደቀበት መሬት ይገኛል፤ እዚያ ክፈፉን ጣል። 20 ፍሬ ካገኘህ ያ የማጨጃው ጥፋት ነው፣ ወይም ሳይታጨድ በፊት የረገፈ። ሴንሰሩ አያየውም። ከ200 ላይ 20 ቀንስ፣ 180። ለሦስት አካፍል፣ 60። በአራት አባዛ፣ 240። በሔክታር 1 ኩንታል ገደማ ነው ከኋላ የፈሰሰው። ማሳው 30 ኩንታል ቢሰጥ ከመቶ 3 ያህል ነው። ጥሩ አይደለም፤ ግን እንዳልከው ጉድ አይደለም አለ። ገለባ የሚበትን መሣሪያ ካለም ቆጠራው እስኪያልቅ መፈታት አለበት።

21 ላይ 19 ተመልሶ እኔ ገበሬ ነኝ እንጂ ሒሳብ ሹም አይደለሁም አለ። አኩርፎ ነው። 22 ግን እንደ 20 ቆጥሮ፣ እንደ 20 አካፍሎ፣ በራሱ ማሳ ላይ ከኋላ ከሚፈሰው የበለጠ ከፊት የሚረግፍ አገኘ። ስንዴው ከመድረስ አልፎ ነበር፤ እህሉን ወደ ቢላው የሚያቀርበው ሪልም ከማሽኑ ሩጫ በላይ እየተሽከረከረ ዘለላውን ይደበድበዋል። ለዚህ ምንም ዓይነት መብራት አይበራም። የክሩ ሰዎች ቀይ አረንጓዴ ሲሉ ከርመው፣ ትልቁ ቀዳዳ ሴንሰር በሌለበት በኩል ሲገኝ ትንሽ ዝም አሉ።

23 ከፎገራ ነው። የሩዝ ሰው። ሩዝ ላይ ይህ የፊቱ ችግር ይብሳል አለ፤ ትንሽ ሲዘገይ ይረግፋል፣ ገለባውም ብዙ ጊዜ አረንጓዴና እርጥብ ሆኖ ነው የሚታጨደው። የስንዴውን ማስተካከያ ሳትነካ ሩዝ ውስጥ ከገባህ መብራቱ የሚነግርህን አትመነው። 24 መተማ ላይ ያርሳል፤ ለማሽላ እሺ፣ ለሰሊጥስ ብሎ ጠየቀ። 25 ስቆ መለሰለት። ሰሊጥ ደርሶ ሲደርቅ አፉን ይከፍታል፤ ሪል ነካ ቢያደርገው ፍሬው መሬት ነው። በእጅ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ ተደርጎ ቆሞ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ይህን መተማ እያለህ እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ አለው። 24 ልሞክራችሁ ብዬ ነው አለ። ማንም አላመነውም።

26 ጠያቂው ነው፤ የምሥራች ይዞ መጣ። የወንፊቱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ ዳበሰው። ከላይ ምንም አይታይም። በቴስተር ሲለካው ደህና ነው ይላል። ወንፊቱን በእጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋው ግን ቴስተሩ ይሞታል፣ ይነሳል፣ ይሞታል። ሽቦው ከወንፊቱ ወደ ሻሲው በሚሻገርበት ቦታ፣ ማሰሪያው ሥር፣ ውስጡ ተበጥሶ ላስቲኩ ብቻ ነው የያዘው። ሲቆም አንዳንዴ ይገናኛል፣ ሲሠራ ይለያያል። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ የአይጥ ጥርስ አገኘ። ማሽኑ ክረምቱን በሙሉ ቆሞ ነበር፤ አይጥም ኮምባይነር ውስጥ የቀረውን ፍሬ ፍለጋ ገብታ ሽቦውን አላለፈችውም። ገላልጦ ጠምዝዞ በናስትሮ አሰረው። መብራቱ በራ።

6 በቁጥር 27 ተመልሶ በናስትሮ አይሆንም አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ያን ቦታ ወንፊቱ ቀኑን ሙሉ ሲያወዛውዘው ይውላል፤ በጥምዝ የታሰረ ሽቦ እስከ ማታም አይቆይ። የውስጡን በስታኞ በይድ፣ የዙሪያውን መከላከያም ለብቻው አገናኝ፣ እንዳይነካኩ ለያቸው። ከዚያ ሽቦው እንዲወዛወዝ ትርፍ ስጠው፤ ተወጥሮ ታስሮ ስለነበር ነው የተበጠሰው። 28 ለአይጡ ድመት መክሯል። 29 ድመቷ ኮምባይነር ውስጥ ከወለደች በኋላ የመጣበትን ጣጣ ተረከ፤ ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ግን አይሆንም። 30 ቆም ብሎ፣ ውቂያው ውስጥ የቀረውን እህል ጠርጎ ማሳደር ከሁሉም ይቀላል አለ። ያልተመገበ አይጥ አይቆይም።

31 ማስተካከያውን አነሳ። ጠያቂው የሞኒተሩን መቀየሪያ ሲያየው የደቃቅ ዘር ምልክት ላይ ቆሞ አገኘው። የቀድሞው ባለቤት ምን ሲያጭድበት እንደነበር እግዜር ይወቅ። ወደ ስንዴ አዞረው። 31 እዚህ አታቁም አለ። መጀመሪያ ማሽኑን በደንብ አስተካክለህ እጨድ፣ ወርደህ እንደ 20 ቁጠር። ብክነቱ ሲበቃህ፣ በዚያው ፍጥነት እየሄድክ፣ መብራቱ መሃል ላይ እስኪደርስ የሞኒተሩን የስሜት ማስተካከያ ቁልፍ አዙር። ከዚያ በኋላ መሃሉ ያንተ ልክ ነው። ከመሃል ከፍ ሲል ፍጥነት ቀንስ። እህል ሲለወጥ፣ ማሳ ሲለወጥ፣ ከጠዋት ወደ ቀትር ገለባው ሲደርቅ እንደገና ቁጠር። 32 አንድ ማስጠንቀቂያ አከለበት፤ አንዳንድ ሞኒተር ብክነቱን ከማሽኑ ፍጥነት ጋር አገናኝቶ ነው የሚያሰላው። የጎማው ፍጥነት መቁጠሪያ ከሞተ መብራቱ የሚናገረው ሁሉ ቅዠት ነው።

33 የዳባቱ ገበሬ ነው፤ እንደገና። ይህ ሁሉ ቁልፍ ማዞር የሚያስፈራው ለዚህ ነው አለ። መሃሉን የምታደርገው አንተ ከሆንክ፣ ቀዩን አረንጓዴ ማድረግም በእጅህ ነው። የኔ ልጅ ጋቢና ተቀምጦ የሚያየው ያንተን ቁልፍ ነው። ነገሩ እውነት ነው፣ ማንም ሊያስተባብለው አልቻለም። ያ ቁልፍ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ከፍም ዝቅም ይላል። ኪራይ የሚከፈለው በመብራቱ ከሆነ የመብራቱ ጌታ ባለማሽኑ ነው። ኪራይ የሚከፈለው በክፈፉ ከሆነ ግን ክፈፉን ማንም ይጥለዋል።

34 ጠያቂው ይህን ተቀብሎ፣ ካዛውንቱ ጋር ከማሳው መግቢያ ላይ አብረው እንደቆጠሩ ጻፈ። ክፈፉን የጣሉት እሳቸው ናቸው፣ የት እንደሚወድቅም የመረጡት እሳቸው። ስንት እንደ ወጣ አልተናገረም። ሒሳቡን እንዴት እንደ ጨረሱም አልተናገረም። 35 ንገረን እንጂ ብሎ ወተወተው፤ መልስ የለም።

የቀረው የላስቲኩ ጉዳይ ነው። የገለባው ሴንሰር ላስቲክ እውነትም ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። 36 ከከባድ መኪና ካላማዳሪያ ቆርጠህ ደራርብ አለ። 37 አይሆንም፣ ይለሰልሳል፣ ሰሌዳው ይወዛወዛል አለ። 38 መወዛወዙ ነው የሚፈለገው፣ ግን ሁለቱም ጫፍ ላይ እኩል ውፍረት ይሁን፣ ብሎኑንም ላስቲኩ እስኪጨመቅ አታጥብቀው ሲል አስማማቸው። 39 ጠያቂው ካላማዳሪያውን ሞከረ። ውቂያው ባዶውን ሲዞር የገለባው ረድፍ ጨለማ ሆነ። ስንዴ ሲገባ ከታች ሁለት ሦስት መብራት ይበራል።

ከዚያ ግን አዲስ ጥያቄ አመጣ። በተዳፋቱ ማሳ ላይ አግድም ሲሄድ የወንፊቱ ረድፍ ዝቅ ይላል። ዞሮ ሲመለስ ቀይ ይነካል። ሽቦው እንደገና ተበጥሶ ይሆን? 40 አልተበጠሰም አለው። ሴንሰሩ በወንፊቱ አንድ ጎን ብቻ ነው የተገጠመው። ያ ጎን ወደ ታች በሚሆንበት ጉዞ እህሉ ሁሉ ወደዚያ ተንሸራቶ ይከማቻል። ሲመለስ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል፤ ሴንሰር የለም፣ መብራትም የለም፣ ብክነቱ ግን አለ። ሽቅብና ቁልቁል እጨድ ሲል መከረው። 41 ቁልቁሉ ጥሩ ነው፣ ሽቅብ ግን እህሉ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከወንፊቱ ይወጣል፣ ሽቅብ ስትሄድ ፍጥነትህንም ፋንህንም ቀንስ አለ። 42 ደግሞ ያ ማሳ በእርከን የተከፋፈለ ስለሆነ ሽቅብ የሚባል ነገር የለውም፣ ቦታውን አውቀዋለሁ፣ እርከኑን ተከትለህ ቀስ ብለህ ሂድ አለ። 41 ቦታውን ካወቅከው አንተ ለምን አታጭድለትም አለው። እስካሁን እዚያው ላይ ናቸው።